ጋሼ ወንድይራድን ላለመቅደም

ሽማግሌ መቅደም ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝን ሰዎች በሙሉ ፍርድ ቤት ልገትራቸው አስቤ ነበር። ችግሩ ግማሾቹ በሕይወት የሉም፤ የቀሩት ደግሞ ራሳቸው ሽማግሌ ሆነዋል፤ ሽማግሌ መክሰስ ከመቅደም የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ ለእናንተ ላውራውና ይውጣልኝ።

የእኔ ሥራ መቀመጥ ነው። ከፌርፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ ከቁም ሳጥን በማትሰፋ የመስታወት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ለመጣው ሾፌር ሁሉ ቲኬት እሰጣለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ሐኪሜ «እንቅስቃሴ ታደርጋለህ?» ሲለኝ «ክንዴ በመስኮቱ ወጣ ገባ ይላል» ብዬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ባለፈው ቅዳሜ በቦይ ዳር፣ በጠጠር መንገድ፣ ጀርባው እስኪጎብጥ ብስክሌት ሲነዳ የዋለው።

ነገሩ የተጀመረው በልጄ በሜሮን ነው። ሜሮን ለእናቷ አንድ ናት፤ ለእኔም እንደዚያው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ አድጋ፣ እኛ ካለንበት ከፓልምስ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት አፓርታማ ተከራይታ ትኖራለች። ከዚያ ቅዳሜ በፊት ባለው እሑድ ቤት መጣችና «ሳክራሜንቶ ጆብ አግኝቻለሁ፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሙቭ አደርጋለሁ» አለችን። እኛ ገና አፋችንን ሳንዘጋ «ቅዳሜን ግን ለኔ ስጠኝ አባ፣ ኦኬ? ብስክሌት እንነዳለን» ብላ ጨመረች። ከሦስት ወር ወዲህ ብስክሌት መንዳት ጀምራ ነበር፤ ምን እንደነካት አናውቅም።

እሷ እንደወጣች ባለቤቴ አልማዝ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም፤ ግን ከባድ ነገር የሚወራው ጓዳ ነው።

«ጠይቃት» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ከእኛ ሸሽታ እንደሆነ ነዋ! እኔ ከጠየቅኳት አለቅሳለሁ። አንተ ጠይቃት።»

ሸሽታን ከሆነ ደግሞ አልፈርድባትም። በሳምንት አራት አምስት ቀን ሳልደውል ቤቷ እሄዳለሁ፤ ወጡን በር ላይ አስቀምጬ ልመለስ እልና እገባለሁ። አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ስብሰባ እንደያዘች ገብቼ፣ ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ዘጠኝ የሥራ ባልደረቦቿን አንድ በአንድ ሰላም ብያለሁ፤ የአንዱን እናት ጤናም ጠይቄያለሁ። አልማዝ በበኩሏ የልጅቷን ፎቶ ወንድ ልጅ ላላቸው ሦስት እናቶች ሰጥታለች። ልጅ ሲርቅና ልጅ ሲሸሽ አንድ አይደለም። የራቀችውን በመኪና እደርስባታለሁ፤ የሸሸችኝን በምን እደርስባታለሁ? ሳምንቱን ሙሉ ይህን ሳመነዥክ ሰነበትኩ።

ሌላም ያልገባኝ ነገር ነበር። ከቤታችን አጠገብ እስከ ባሕሩ ድረስ ልስልስ ያለ የብስክሌት መንገድ አለ። ሜሮን ግን ሦስት ሰዓት ወደ ሰሜን ድራይቭ አድርገን፣ ተራራውን ተሻግረን፣ የገበሬ አገር ገብተን በቦይ ዳር እንድንነዳ ነው የፈለገችው። ለምን ስላት «ግራቭል ነው አባ፤ ጠጠር አለው» አለችኝ። አባቴ ሰፈራችን አስፋልት እንዲገባ ቀበሌ ሲመላለስ ነው ያረጀው። ልጄ ከአስፋልት ለማምለጥ ሦስት ሰዓት ትነዳለች። ይህን ነገር ለማንም ማስረዳት ስለማልችል ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ብቀር ደግሞ ጥሩ ነበር። ሐሙስ ዕለት ፌርፋክስ ምሳ ስበላ ጋሼ ወንድይራድን አገኘኋቸው። ጋሼ ወንድይራድ ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በእድራችንም ሆነ በሠርጋችን መጀመሪያ የሚመርቁ ሰው ናቸው። «ቅዳሜ ምን አለህ?» አሉኝ። «ከልጄ ጋር ብስክሌት ልንነዳ ነው፤ ይምጡ እንጂ!» አልኳቸው።

እዚህ ላይ እናንተው ፍረዱኝ። «ይምጡ እንጂ» ሰላምታ ነው። የሚመለሰውም «እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ጊዜ» ተብሎ ነው። ብለምናቸው ደግሞ «ኧረ ተው» ይላሉ፤ ስለምን ስለምን እቆይና ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። ጋሼ ወንድይራድ ግን የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አሉ።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮት ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ከትተው በራችን ላይ ቆመዋል። ብስክሌታቸው ከሜሮን በዕድሜ ትበልጣለች፤ ፊቷ ላይ ቅርጫት አላት። «ድሬዳዋ ሳለሁ በአንድ እጄ ነበር የምነዳው» አሉ፤ «በሌላው እጄ ሐብሐብ ይዤ።» ሜሮን አቅፋ ሳመቻቸውና «ጋሼ፣ አንተ እኮ ኩል ነህ!» አለቻቸው። አንተ ስትላቸው እኔ ወደ መሬት አየሁ። እሳቸው ደስ ብሏቸዋል።

ለእኔ ሜሮን የብስክሌተኛ ቁምጣ ገዝታልኛለች። መቀመጫው ላይ የሕፃን ዳይፐር የመሰለ ነገር ተሰፍቶበታል። እሱን ለብሼ ከኮት ለባሽ ሽማግሌ ፊት መቆም ስላቃተኝ ሱሪዬን ከላዩ ደረብኩበት። ከሦስት ሰዓት ጉዞ በኋላ ከሜሮን መኪና ወርጄ ስራመድ አሁን ከፈረስ የወረድኩ እመስል ነበር።

አገሩ ሜዳ ነው። ሜዳ ስል የሃያ ሁለትን ሜዳ እንዳታስቡ። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ የለም። አልመንድ የሚሉት የለውዝ ዛፍ በመስመር፣ የከብት መኖው አልፋልፋ በመስመር፣ ሰማዩ ራሱ በመስመር የተቆረጠ ይመስላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቲኬት የቆረጠ ሰው መሬት ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ ስንት መኪና ያቆማል? አንዱን እርሻ ልቆጥር ሞክሬ አምስት ሺህ ላይ ደከመኝ። በመሀሉ ቦዩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ውሃው ምንም ድምፅ የለውም፤ ከዳርና ዳሩ አንዳንድ ፒክአፕ የሚያልፍበት የጠጠር መንገድ አለ።

መነሻችን ላይ አንድ የፈረሰ የጡብ ቤት ነበር፤ በፊት ውሃ መግፊያ ሞተር የነበረበት ነው። «ታሪካዊ ቦታ» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል።

«መቶ ዓመት አልፎታል ነው የሚለው?» አሉ ጋሼ ወንድይራድ መነጽራቸውን አውጥተው።

«አዎ፣ ከመቶ በላይ» አለች ሜሮን።

«የአያቴ የበር መዝጊያ ይበልጠዋል።»

ሳቀችና ቦዩን ሰዎች በበቅሎ አፈር እየጎተቱ እንደቆፈሩት ነገረችን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያንን ሁሉ ቀጥታ መስመር በበቅሎ! በቅሎ ቀጥ ብላ ስትሄድ አይቼ አላውቅም። ማን እንደቆፈረው፣ ምን በልተው እንደቆፈሩ፣ ውሃው የማን እንደሆነ መጠየቅ ስጀምር ሜሮን «አባ፣ እየነዳን» ብላ አቋረጠችኝ። ለጋሼ ሄልሜት አጠለቀችላቸው፤ ባርኔጣቸውን ቅርጫታቸው ውስጥ አኖሩ። እኔ ስልኬ ጭኔን እየመታ ስላስቸገረኝ ጀርባዋ ላይ ባለው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። የጋሼ ስልክ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ ተብሎ መኪና ውስጥ ቀረ።

«ሁለተኛው ድልድይ ላይ ወደ ቀኝ እንታጠፋለን» አለች ሜሮን፤ «እዚያ ኦልድ ታውን አለ፤ ሁለት ሦስት አሮጌ ቤት። ምሳ እዚያ።» እኔ ጥያቄዬን በየትኛው ቃል እንደምጀምር እያሰብኩ ስለነበር «እሺ» ብቻ አልኩ። ጋሼ ቀደም ብለው ፔዳሉን ረግጠው ሄደዋል፤ አልሰሙም።

መጀመሪያ ጋሼ፣ ቀጥዬ እኔ፣ ከኋላ ሜሮን ነበርን። ሁለት ደቂቃ አልቆየም፤ ሜሮን ደወሏን አንቃጨለችና በግራ በኩል እኔንም ጋሼንም ጥላን እልም አለች። እንደ ጥይት!

ደነገጥኩ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ተወልዳ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ዘወር ብለው አዩኝና ፍጥነት ጨመሩ። ተቀይመዋል አልኩ። የልጄን ጥፋት ለመካስ እኔ በፍጹም አልቀድማቸውም ብዬ ወሰንኩና ከኋላቸው ተለጠፍኩ። እንደገና ዞር ብለው አዩኝ፤ እንደገና ጨመሩ። እኔም ጨመርኩ። ወደ መንገዱ ጥግ ያዙ፤ አክባሪ ሰው ነኝና እኔም ጥግ ያዝኩ። ወደ መሀል ተመለሱ፤ ተመለስኩ። አንድ ጊዜ ነፋሱ ባርኔጣቸውን ከቅርጫቱ አንሥቶ ቦዩ ውስጥ ጣለው፤ ውሃው ወደመጣንበት ይዞት ሄደ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በዓይናቸው ሸኙት እንጂ አልቆሙም። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ጉልበት የት ደብቀውት እንደነበር እየገረመኝ፣ ምላሴ ወጥቶ ተከተልኳቸው።

ሁለተኛው ድልድይ ደረሰ። ጋሼ ወንድይራድ በቀጥታ አለፉት።

አልዋሻችሁም፤ አይቻለሁ። በስተቀኝ ራቅ ብሎ የሜሮን ቀይ ሄልሜት በለውዙ መሀል ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ግን እንዴት ብዬ ልናገር? ሽማግሌን ከኋላ ሆኖ «ተሳስተዋል!» ብሎ መጮህ አለ? ፊት ሄጄ እንዳልመልሳቸው ደግሞ መቅደም ሊሆን ነው። ምናልባት ሌላ መንገድ ያውቁ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደወሌን በትሕትና አንድ ጊዜ ነካ አደረግኩ። ጋሼ ደወሉን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ቆመው መርገጥ ጀመሩ።

እንዲህ ሆነን ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድን። ልጄ ወደ ምሥራቅ፣ እኔ ወደ ሰሜን። ጥያቄዬን ገና አልጠየቅኩም። ቀኑ ይኸው ነው፤ ሌላ ቅዳሜ የለኝም፤ እኔ ደግሞ የሰው ጀርባ እያየሁ እጨርሰዋለሁ።

በመጨረሻ መንገዱን የዘጋ የብረት በር አስቆመን። በጎኑ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት አለው።

«እለፍ» አሉኝ ጋሼ እያለከለኩ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እለፍ እኮ ነው የምልህ!»

«በሞቴ፣ እንዴት ብዬ?»

«በኔ ሞት፣ እለፍ!»

በዚህ ላይ እያለን አንድ ፒክአፕ መጣ። ሾፌሩ የቦዩን መዝጊያ የሚከፍትና የሚዘጋ ሜክሲኳዊ ነው። አንዱ ኮት ለብሶ፣ አንዱ ሱሪውን ከዳይፐር በላይ ደርቦ፣ በአንድ ክፍተት ሲገፋፉ አየና ሞተሩን አጠፋ። «ወዴት ነው የምትሄዱት?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀን። እኔ ወደ ጋሼ ጠቆምኩ። ጋሼ ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ፊት የነበሩት?» አልኳቸው።

«ፊት የነበርኩት ስለምታባርረኝ ነዋ!» ብለው ጮኹ። «ይለፈኝና ልረፍ ብዬ ጥግ ስይዝ አብረኸኝ ጥግ ትይዛለህ! ልቆም ስል ደወል ትደውልብኛለህ! ከመጀመሪያው ድልድይ ጀምሮ ሽንቴ መጥቷል፤ ታውቃለህ?»

እዚያው ከለውዝ ዛፍ ጀርባ ሄዱ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሰውየው ስልኩን አዋሰኝ። የሜሮንን ቁጥር በቀን ሦስት ጊዜ እደውለዋለሁ፤ ግን የማውቀው «ሜሪዬ» የሚለውን ስም መንካት ብቻ ነው። በቃሌ የማስታውሰው የቤቴን ብቻ ሆነ።

«አልማዝ፣ እኔ ነኝ። ጠፍተናል።»

«ጠየቅካት?»

«ጠፍተናል እኮ ነው የምልሽ!»

«ምን አለችህ?»

በጭንቅ አስረድቻት፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነገርኳት፤ ለሜሮን ልትደውልላት ሆነ። ሰውየው ስልኩን ተቀበለና «መኪናችሁ ጋ ላድርሳችሁ?» አለን። ጋሼ «ኖ ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉ፤ እኔም «ኖ፣ አናስቸግርህም» አልኩ። ሁለታችንም እስኪለምነን እየጠበቅን ፈገግ አልን። ሰውየው «ኦኬ» ብሎ ሄደ። አቧራው እስኪጠፋ ድረስ ሁለታችንም ፈገግታችንን አላጠፋንም።

«አንዴ ብቻ ነው እንዴ የሚጠይቁት?» አሉ ጋሼ።

የቦዩ ዳር ተቀምጠን ከኮታቸው ኪስ ዳቦ ቆሎ አወጡ። ስለ ሜሮን፣ ስለ ሰኞ፣ አልማዝ ስላዘዘችኝ ጥያቄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዳቦ ቆሎውን ማኘክ አቆሙ። «ታዲያ እኔን ምን ብለህ ጋበዝከኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። «ይሉኝታ» አልኳቸው። «እኔስ ምን ብዬ የመጣሁ ይመስልሃል?» አሉ፤ «እምቢ ብልህ ቅር ይልሃል ብዬ ነው።»

ሜሮን የመጣችው ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይታ ነው። ከሩቅ ስታየን ጮኸች፤ ደስ ብሏት መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላት። አጠገባችን ስትደርስ ብስክሌቱን ጥላው ወረደች። ፊቷ ቀልቷል። እጇ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብ ባርኔጣ ይዛለች።

«እስከ መጀመሪያው ድልድይ ተመልሼ ስፈልጋችሁ ይሄ ውሃው ላይ እየሄደ ነው» አለች። «ስደውልልህ ስልክህ ጀርባዬ ላይ ይጮኻል! ሲሪየስሊ አባ፣ ውሃው ውስጥ ነበር የምፈልግህ! ማሚ እስክትደውል ድረስ ውሃውን እያየሁ ነው የነዳሁት!»

ከዚያ አቀፈችኝ። አሥራ አራት ዓመት ከሞላት ጀምሮ እንዲህ አቅፋኝ አታውቅም። ስላስደነገጥኳት ክፉኛ አዘንኩ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስም አለኝ።

ልንመለስ ስንነሣ ጋሼ ወንድይራድ ባርኔጣቸውን ጨምቀው ቅርጫታቸው ውስጥ አስገቡና «እኔ ከኋላ ነኝ» አሉ። ልለምናቸው አፌን ስከፍት «ዋ!» አሉኝ። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ጥዬ ሄድኩ። መንገዱ ለሁለት ብስክሌት ይበቃል። ከልጄ ጋር ጎን ለጎን ሆንን።

«ሜሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ማሚ ናት ጠይቃት ያለችህ?»

«አዎ።»

«ኦኬ፣ ጠይቅ።»

«ከእኛ ሸሽተሽ ነው የምትሄጂው?»

አንድ ሙሉ እርሻ አለፍን።

«ትንሽ» አለች።

ፔዳሉ ከእግሬ ሊያመልጥ ነበር። ይህን ያህል ሰዓት የጠበቅኩት መልስ አንዲት ቃል ሆነች።

«ሁልጊዜ ትመጣለህ አባ። ምግብ ታስቀምጣለህ፣ ፍሪጄን ታያለህ፣ ትሄዳለህ። ከዚያ ትደውልና በልተሻል ወይ ትለኛለህ። አውርተን ግን አናውቅም። ሲቲንግ ዳውን፣ ሁለታችን፣ አውርተን አናውቅም።» ማርሽ ቀየረችና «ይሄን ቦታ ለምን እንደመረጥኩት ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ለጠጠሩ።»

«ከዚህ ሳክራሜንቶ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚህ ሎስ አንጀለስ ሦስት ሰዓት ነው። ማፕ ላይ የምንገናኝበትን መሀል ፈለግኩ። መሀሉ ላይ ጥሩ ሬስቶራንት የለም፣ ሞል የለም፣ ምንም የለም። ይሄ ካናል ብቻ ነው ያለው። ሶ ሰው እዚህ ምን ያደርጋል ብዬ ሰርች አደረግኩ፤ ብስክሌት ይነዳሉ ይላል። ሶ ብስክሌት ገዛሁ።»

«ብስክሌት የምትወጂ መስሎኝ!»

«እጠላዋለሁ! ቂጤን ነው የሚያመኝ።»

ያን ያህል ስቄ አላውቅም። ስስቅ ዓይኔ ሞላ፤ ሲሞላ መንገዱ ጠፋኝ።

«በወር ስንት ጊዜ እንመጣለን?» አልኳት።

«አንዴ።»

«ሁለቴ።»

«አባ!»

«እሺ፣ አንዴ» አልኩና እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

«አባ፣ መንገዱን እይ!» ብላ ጮኸች፤ እጇን ዘርግታም የሸሚዜን እጀታ ያዘች።